ነቀዝና ጨረር፤ ስለ ደረቅ ፍሬና ስለ ባሌ እህል አጠባበቅ

በባሌ ደጋ ተወልዶ ላደገ ሰው፣ ገበሬ ደክሞ ያገባውን እህል ነቀዝ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ዱቄት ሲለውጥበት ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ያደገው በጎባ ነው። በልጅነቱ ለእናቱ ባቄላ ሲለቅም፣ ከላይ ደኅና የሚመስለውን ፍሬ በጥፍሩ ሲጫነው እንደ ባዶ ቀፎ እየተሰበረበት ይደነቅ ነበር። በኋላም በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ፣ የሳይንስ መምህሩ አንዱን ባቄላ በምላጭ ከፍለው በማጉያ መነጽር ሲያሳዩት፣ ነጩን እጭ በፍሬው ልብ ውስጥ ተጠቅልሎ አየው። በዚያን ቀን የተነሣው ጥያቄ እስከ ዛሬ አልለቀቀውም። በወንፊት የማይወጣውን፣ እጅ የማይደርስበትን፣ በፍሬው ውስጥ የተሸሸገውን ጠላት ፍሬውን ሳያበላሹ እንዴት ማጥፋት ይቻላል?

ለዚህ ጥያቄ ዘመናዊ ሳይንስ ከሰጣቸው መልሶች አንዱ ጨረር ነው። ይህ ጽሑፍ ጨረር በደረቅ ፍሬና በእህል ላይ ያለውን ተባይ እንዴት እንደሚያጠፋ፣ የምግቡን ጥራት ምን ያህል እንደሚጠብቅ፣ በመጨረሻም ለሮቤ፣ ለጎባና ለባሌ ደጋ ገበሬ ይበጅ እንደ ሆነና እንዳልሆነ ለመመርመር የታሰበ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የችግሩ ሥር

ደረቅ ፍሬ ሲባል በአካባቢያችን ብዙ ዓይነት የለም። በሮቤና በጎባ ሱቆች በብዛት የሚታወቁት ዘቢብና ቴምር ናቸው። ዘቢብ ለቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ይፈለጋል፤ ቴምር ደግሞ በረመዳን ለማፍጠሪያ በየቤቱ ይገባል። ሁለቱም ከሞቃት አገር የሚመጡ ስለ ሆኑ፣ ተገቢ ጥንቃቄ ካልተደረገላቸው ተባያቸውን ይዘው ይመጣሉ። ከእነዚህም ተባዮች መካከል አንዷ ከእሳት ራት ወገን የሆነች ትንሽ ግራጫ በራሪ ናት። ዕንቁላሏን በፍሬው ላይ ትጥላለች፤ ከዕንቁላሉ የሚወጣው እጭ ፍሬውን እየበላ ድርና ኩስ ይተውበታል። ሌላው ደረቱ ግራና ቀኝ እንደ መጋዝ ጥርስ የሾለ፣ ጠፍጣፋና ቀጭን ጥንዚዛ ነው። ይህ ጥንዚዛ ሰውነቱ እጅግ የሳሳ በመሆኑ በደንብ ባልታሸገ ካርቶን ስንጥቅ ውስጥ ያለ ችግር ያልፋል።

የእህሉ ነቀዝ አኗኗር ከእነዚህ ይለያል። እንስቷ በስንዴው ቅንጣት ላይ በአፏ ጉድጓድ ትቆፍርና አንድ ዕንቁላል ጥላ ቀዳዳውን በምራቅ መሰል ፈሳሽ ትደፍነዋለች። ከዚያ በኋላ እጩ የሚያድገውም፣ ወደ ሙሉ ነቀዝነት የሚለወጠውም በቅንጣቱ ውስጥ ነው። ስለዚህ ገበሬው ነቀዙን በዓይኑ ባየ ጊዜ ጉዳቱ ከተፈጸመ ቆይቷል። የባቄላና የሽምብራ ነቀዝ ደግሞ ዕንቁላሉን በፍሬው ቆዳ ላይ ያጣብቃል፤ እጩም በቀጥታ ወደ ውስጥ ሰርስሮ ይገባል።

በዚህ ነገር የባሌ ደጋ አንድ የተፈጥሮ ጸጋ አለው፤ ይኸውም ብርዱ ነው። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ጎባም ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። አብዛኞቹ የጎተራ ተባዮች ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲሆን መራባታቸው እጅግ ይዘገያል ወይም ይቆማል። ነገር ግን ብርድ ያደነዝዛቸዋል እንጂ አይገድላቸውም። ይኸው እህል በጭነት መኪና ወደ ዶሎ መና ቆላ ሲወርድ ወይም በሞቃት መጋዘን ሲከማች፣ በቅንጣቱ ውስጥ ተኝቶ የነበረው ሁሉ ይነቃል። ብዙ ነጋዴ «ከደጋ ንጹሕ እህል ገዝቼ ቆላ ላይ ነቀዘብኝ» ብሎ የሚያማርረው በዚህ ምክንያት ነው። ነቀዙ ቆላ ላይ አልተፈጠረም፤ ከደጋ አብሮት ወርዷል።

ከዚህም ሌላ በባሌ በዓመት ሁለት ጊዜ ይታረሳል፤ አንዱ ወቅት ገና፣ ሌላው ቦና ይባላል። አንዱ ምርት ሳያልቅ ሌላው ስለሚገባ አሮጌውና አዲሱ እህል በአንድ ጣሪያ ሥር ይገናኛሉ። አጨዳው ከዝናብ ጋር በሚጋጠምበት ጊዜ ደግሞ እህሉ እርጥበቱን እንደ ያዘ ወደ ጎተራ ይገባል። እርጥበት ለነቀዝም ለሻጋታም ግብዣ ነው።

እስከ አሁን የተሞከሩት መድኃኒቶች

አባቶቻችንና እናቶቻችን በዚህ ጠላት ፊት እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። እህልን በፀሐይ ማስጣት፣ ዘርን ከምድጃ በላይ በጢስ ማቆየት፣ ከአመድ ጋር መቀላቀል፣ ባቄላንና ሽምብራን ከጤፍ ጋር ደባልቆ ክፍተቱን መሙላት ሁሉ የታወቁ ዘዴዎች ናቸው። ኦሮሞው ገበሬ ጉምቢ የሚለው፣ በጭቃና በእበት የተለሰነው የቤት ውስጥ ጎተራም አየርን በመጠኑ በመከልከሉ የሚናቅ ጥበብ አይደለም።

በኋላ የኬሚካል ጢስ መጣ። ከእነዚህ አንዱ ሜቲል ብሮማይድ ነበር። ይህ ጋዝ ምድርን ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚከላከለውን የኦዞን ሽፋን የሚጎዳ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ባደጉት አገሮች በ2005፣ በታዳጊዎቹ አገሮች ደግሞ በ2015 ከተለመደው አገልግሎት እንዲወጣ ተደርጓል። የቀረው በአመዛኙ ከአገር ወደ አገር የሚሻገር ዕቃን ከተባይ ለማጽዳት ብቻ ነው።

ዛሬ በየገበያው በስፋት የሚታወቀው «የነቀዝ ኪኒን» ነው። ይህ ኪኒን አሉሚኒየም ፎስፋይድ ሲሆን፣ ከአየር እርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ወደ ቅንጣቱ ልብ ዘልቆ ስለሚገባ ነቀዙን ከነእጩ ይገድላል። ነገር ግን ሰውንም ይገድላል። ሥራው በታሸገ መጋዘን፣ በሠለጠነ ሰው እጅ እንዲፈጸም የታሰበ ነው። በገጠር ቤት ግን እህሉና ቤተሰቡ የሚያድሩት ብዙ ጊዜ በአንድ ጣሪያ ሥር ነው። አንድ ዘመዳችን ኪኒኑን በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ጨምሮ ከመኝታው አጠገብ አኑሮ ነበር። ሌሊቱን ልጆቹ ሲያስመልሳቸውና ትንፋሽ ሲያጥራቸው ሚስቱ ነቅታ በሩን ባትከፍት ኖሮ፣ ይህ ታሪክ በሌላ መንገድ ይጻፍ ነበር። ከዚህም ሌላ በተደጋጋሚና በአላዋቂነት ስለሚሠራበት፣ ፎስፊንን የለመዱና በቀላሉ የማይሞቱ ተባዮች በብዙ የዓለም ክፍሎች ተገኝተዋል።

እንግዲህ መርዝ የማይተው ሌላ ዘዴ መፈለግ ቅንጦት አይደለም ማለት ነው።

ጨረር ምንድን ነው?

በምግብ ላይ የሚሠራበት ጨረር ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ከኮባልት 60 ወይም ከሴሲየም 137 የሚወጣው የጋማ ጨረር፣ ሁለተኛው ኤክስሬይ፣ ሦስተኛው በኤሌክትሪክ መሣሪያ ፍጥነት የተሰጠው የኤሌክትሮን ጨረር ነው። የጋማ ጨረርና ኤክስሬይ በጆንያና በካርቶን ውስጥ ጠልቀው ያልፋሉ። ኤሌክትሮን ግን ጥልቀቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለ ሆነ፣ ስስ ሆኖ ለሚፈስ እህል እንጂ ለተከመረ ጆንያ አይሆንም።

የጨረር መጠን የሚለካው በግሬይ ነው። አንድ ግሬይ ማለት አንድ ኪሎግራም ዕቃ አንድ ጁል ኃይል ሲቀበል ነው። ለተባይ ማጥፊያ የሚፈለገው መጠን ከ1,000 ግሬይ አይበልጥም። አንባቢው ይህንን ቁጥር ሲያይ ሊደነግጥ ይችል ይሆናል፤ ሆኖም አንድ ኪሎግራም ውሃ 1,000 ጁል ቢቀበል ሙቀቱ የሚጨምረው ሩብ ዲግሪ ያህል እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ዘቢቡ አይበስልም፤ ከመሣሪያው ሲወጣ እንደ ገባ ቀዝቃዛ ነው።

«ታዲያ ምግቡ ራሱ ጨረር አመንጪ አይሆንምን?» ተብሎ ይጠየቃል። መልሱ አይሆንም ነው። የአንድን አቶም እምብርት ለውጦ ጨረር አመንጪ ለማድረግ ከፍተኛ ኃይል ያስፈልጋል። የኮባልት 60 ጨረር ኃይሉ 1.17ና 1.33 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ስለ ሆነ ለዚህ አይበቃም። ለሌሎቹም ዓለም አቀፍ ወሰን ተደንግጓል፤ ለኤክስሬይ 5 ሚሊዮን፣ ለኤሌክትሮን 10 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ነው። በኤክስሬይ የተነሣ ሰው ከሐኪም ቤት ሲወጣ ሌላውን እንደማይጎዳ ሁሉ፣ በጨረር ያለፈ ቴምርም የበላውን አይጎዳም። በ1980 የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት፣ ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት በአንድነት ያቋቋሙት የሊቃውንት ጉባኤ እስከ 10,000 ግሬይ የተቀበለ ምግብ የመመረዝ አደጋ እንደሌለው ወስኗል። ይህም ለተባይ ከሚያስፈልገው ቢያንስ አሥር እጥፍ ነው።

ነቀዙ በምን ይሞታል?

በ1906 ቤርጎኒዬና ትሪቦንዶ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ሊቃውንት አንድ ጠቃሚ ሕግ ገለጹ። ይኸውም ሕዋስ ቶሎ ቶሎ በተከፈለ መጠን በጨረር የሚደርስበት ጉዳት ይበዛል የሚል ነው። ሙሉ ነፍሳት የሰውነታቸው አብዛኛው ሕዋስ መከፋፈሉን ስለ ጨረሰ ጨረርን እጅግ ይቋቋማሉ። ሰውን ለሞት የሚያደርሰው ጥቂት ግሬይ ለነቀዝ ምንም አይደለም። ነገር ግን በነቀዙም ሰውነት ውስጥ መከፋፈል የማያቋርጡ ሕዋሳት አሉ፤ እነርሱም የዘሩ ሕዋሳትና የአንጀቱን ግድግዳ የሚያድሱት ሕዋሳት ናቸው። ስለዚህ ነቀዙ በመጀመሪያ መካን ይሆናል፤ ቀጥሎም አንጀቱ መታደስ ስለሚሳነው መብላት ትቶ በረኃብ ይሞታል። ዕንቁላልና እጭ ደግሞ ሕዋሳቸው ገና በመከፋፈል ላይ ስለ ሆነ ከሁሉ ቀድመው ይጠፋሉ።

ለአብዛኞቹ የጎተራ ጥንዚዛዎች ዘር ለማቋረጥ ከ200 ግሬይ በታች ይበቃል። የእሳት ራት ወገኖች ግን ጠንካሮች ስለ ሆኑ ከዚያ እጅግ የበለጠ፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ 1,000 ግሬይ ያስፈልጋል። ወዲያውኑ ለመግደል ከተፈለገ መጠኑ ብዙ ሺህ ግሬይ ይደርሳል፤ ይህ ግን ለጥራትም ለገንዘብም የማይመከር ነው።

ከዚህ ሁለት ቁም ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ በጨረር ያለፈ ቴምር ውስጥ በሕይወት ያለ ጥንዚዛ ለጥቂት ጊዜ ሊገኝ ይችላል። ለወትሮው መርማሪ «ሕያው ተባይ ተገኘ» ብሎ ዕቃውን ይመልሳል። በ2003 የወጣው ዓለም አቀፍ የዕፀዋት ጥበቃ መመሪያ ግን በጨረር ሥራ የሚፈለገው ውጤት የተባዩ መሞት ብቻ ሳይሆን መራባት አለመቻሉም ሊሆን እንደሚችል ተቀብሏል። ሁለተኛ፣ ጨረር በምግቡ ላይ የሚያስቀረው ነገር ስለ ሌለ ነገ ለሚመጣው ነቀዝ ጥበቃ አይሆንም። መርዝ አለመተዉ ደግነቱም ድክመቱም ነው። ዘቢቡ ነፍሳት በማያልፉበት ማሸጊያ ከታሸገ በኋላ በጨረር ካላለፈ፣ ወይም እህሉ ከመሣሪያው ወጥቶ በቀዳዳ ጆንያ ከተከተተ፣ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።

የምግቡ ጥራት

ጨረር በምግብ ላይ የሚያመጣው ለውጥ በብዛት የሚጀምረው ከውሃ ነው። ጨረሩ የውሃን ቅንጣት ሰባብሮ ፈጣን የኬሚካል ቁርጥራጮች ያስገኛል፤ እነርሱም ወደ ሌላው ክፍል ይዘምታሉ። ደረቅ ፍሬ ውሃው ጥቂት ስለ ሆነ ጉዳቱም ጥቂት ነው። እስከ 1,000 ግሬይ ድረስ የዘቢብና የቴምር ጣዕም፣ ቀለምና ጣፋጭነት ይህ ነው የሚባል ለውጥ አያሳይም። ጨረር ከሚያጠቃቸው ቪታሚኖች አንዱ ቪታሚን ሲ ነው፤ ነገር ግን ፍሬው ሲደርቅ ይህ ቪታሚን አብዛኛው አስቀድሞ ስለሚጠፋ በጨረር የሚጎድለው ትንሽ ነው። በስንዴ ውስጥ ያለው ቪታሚን ቢ1 ግን በመጠኑ ሊቀንስ ይችላል።

መጠኑ ሲበዛ ነገሩ ይለወጣል። ፍሬውን አጽንቶ የሚይዘው ፔክቲን የተባለው ክፍል እየተበጣጠሰ ፍሬው ይለሰልሳል። ቅባት የበዛበት እንደ ለውዝ ያለ ምግብ ደግሞ አየር ባለበት በጨረር ቢያልፍ ቅባቱ ይበላሻል። ስለዚህ ባለሙያው የሚጨነቀው ትንሹ መጠን ተባዩን ለማጥፋት መብቃቱን ብቻ ሳይሆን፣ በካርቶኑ ዳር ያለው ፍሬ የሚቀበለው ትልቁ መጠን ጥራቱን አለመንካቱን ጭምር ነው።

ለባሌ ሰው ከሁሉ የሚያሳስበው ግን ሌላ ነው። ጨረር ሕይወት ያለውን ነገር ሁሉ ያገኛል፤ የስንዴና የገብስ ቅንጣት ደግሞ ሕያው ነው። ነቀዙን የሚያጠፋው መጠን የቅንጣቱንም ዕድገት ይጎዳል። እንዲህ ያለው ዘር ጥቂት ሊያቆጠቁጥ ቢችልም ሥሩና ቡቃያው አያድግም። እንጀራና ዳቦ ለሚሆነው እህል ይህ ጉዳት አይደለም፤ ለዘር የተቀመጠውን ግን ማበላሸት ነው። ብቅልም ከበቀለ እህል የሚገኝ ስለ ሆነ፣ ጠላ ጠማቂዋም ሆነች የአሰላ ብቅል ፋብሪካ በጨረር ያለፈ ገብስ አይፈልጉም። ገበሬው ደግሞ ዘሩንና የሚበላውን ብዙ ጊዜ ከአንድ ጎተራ ነው የሚቆነጥረው። ይህ በፋብሪካ አገር የማይነሣ፣ በሮቤ ግን ፈጽሞ የማይታለፍ ጥያቄ ነው።

የሌሎችና የራሳችን ልምድ

በአሜሪካ ስንዴና የስንዴ ዱቄት ለተባይ ማጥፊያ በጨረር እንዲያልፉ የተፈቀደው በ1963 ነበር። በኦዴሳ ወደብ በ1980 ሁለት የኤሌክትሮን መሣሪያዎች ተተክለው ከመርከብ የሚወርድ እህል በፊታቸው እንዲፈስ ተደርጓል። እያንዳንዳቸው በሰዓት 200 ቶን እንዲያሳልፉ የተሠሩ ነበሩ። ቦታው ወደብ መሆኑን ልብ ይሏል፤ ብዙ እህል በአንድ በር የሚያልፍበት ስፍራ ነው።

አገራችንም ለዚህ ዕውቀት ባዕድ አይደለችም። ኢትዮጵያ ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ድርጅት በተቋቋመበት በ1957 አባል ሆናለች። በ1997 በተጀመረው የደቡብ ስምጥ ሸለቆ የቆላ ዝንብ ማጥፊያ ሥራም፣ በአዲስ አበባ ቃሊቲ የቆላ ዝንብ ማራቢያ ተሠርቶ ወንዶቹ ዝንቦች በጋማ ጨረር እየመከኑ እንዲለቀቁ ተደርጓል። እንስቷ የቆላ ዝንብ ከመካኑ ወንድ ጋር ስትገናኝ ዘር ሳታፈራ ትቀራለች። ይህ ዘዴ ከጎተራው ጋር ዘመድ ነው፤ ሆኖም ልዩነቱን መለየት ይገባል። በቃሊቲ ጨረሩ የሚያርፈው በዝንቡ ላይ ብቻ ሲሆን፣ በጎተራ ግን በነቀዙም በምግቡም ላይ ነው። በቃሊቲ የሚበቃው አነስተኛ መሣሪያ ሲሆን፣ ለእህል ግን ሺህ ኩንታል የሚያሳልፍ ተቋም ያስፈልጋል።

ለባሌ የሚበጀው

የኮባልት 60 ግማሽ ዕድሜው 5.27 ዓመት ነው። ይህም ማለት ቢሠራበትም ባይሠራበትም በየዓመቱ ከኃይሉ 12 በመቶ ያህሉ ይጠፋል። ጉምቢ ባዶውን ቢከርም ባለቤቱን ምንም አያስከፍልም፤ ኮባልት ግን ሥራ ፈትቶም ያልቃል። በዚህ ላይ ወፍራም የኮንክሪት ግድግዳ፣ ኮባልቱ የሚጠልቅበት ጥልቅ የውሃ ገንዳ፣ የሠለጠኑ ሠራተኞችና የማያቋርጥ ቁጥጥር ያስፈልጋል። የባሌ እህል በአጨዳ ወራት አንድ ጊዜ ይጎርፋል፤ ከዚያም ይቀንሳል። ስለዚህ በሮቤ እንዲህ ያለ ተቋም ቢተከል የዓመቱን አብዛኛውን ክፍል ያለ በቂ ሥራ እየከሰረ እንደሚቆም መገመት አያስቸግርም።

በጸሐፊው አስተያየት ጨረር ቦታው ዕቃ ዓመቱን ሙሉ የሚያልፍበት በር ነው። ከውጭ የሚገባው ቴምርና ዘቢብ፣ ወደ ውጭ የሚላከው ቅመማ ቅመምና ጥራጥሬ በሚሰበሰቡበት ማዕከል አንድ ተቋም ቢኖር ለብዙዎች ያገለግላል። ምግቡም በጨረር ማለፉ በማሸጊያው ላይ እንዲጻፍ ዓለም አቀፉ ደንብ ያዝዛል፤ ገዢው የማወቅ መብት አለውና።

ለገበሬው ቤት ግን ሌላ መልስ አለ። እህሉ በሚገባ ደርቆ፣ ከአሮጌው ተለይቶ፣ አየር በማያስገባ ከረጢት ሲታሰር፣ በውስጡ ያሉት ነቀዞች ራሳቸው ኦክሲጅኑን ተንፍሰው ይጨርሱና ይሞታሉ። በሰማንያዎቹ ዓመታት መጨረሻ በካሜሩን የተጀመረውና ዛሬ በአገራችንም የሚሸጠው ሦስት ድርብ ከረጢት የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። መርዝ የለውም፤ ኮባልት አይፈልግም፤ ደረቅ ዘርንም አይገድልም። ልጆችም ከአጠገቡ ያለ ሥጋት ይተኛሉ።

ይህ ሐሳብ በመጽሐፍ ብቻ እንዳይቀር ለተማሪ ጓደኞቼ አንድ ሥራ ላመልክት። አንድ ዓይነት ባቄላ በሦስት ተከፍሎ፣ አንዱ በተራ ጆንያ፣ አንዱ ከአመድ ጋር፣ አንዱ አየር በማያስገባ ከረጢት ይቀመጥ። ይኸው በጎባና በዶሎ መና ይደገም። በየወሩ የሚከፈተው ከረጢት አየር እንዳይገባበት ለየወሩ የተለየ ይዘጋጅ፤ ከእያንዳንዱም መቶ ፍሬ ተቆጥሮ የተበሳው ይመዝገብ፤ ጥቂቱም በእርጥብ ጨርቅ ላይ ይዘራና የበቀለው ይቆጠር። ከሮቤ በስተ ምሥራቅ የሚገኘው የሲናና እርሻ ምርምር ማዕከልና በሮቤ ያለው የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ቅርባችን ስለ ሆኑ፣ ምክር የሚጠይቅ ተማሪ የሚሄድበት አያጣም። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ጥቂት ባቄላ፣ አንድ ደብተርና አንድ ዓመት ትዕግሥት ብቻ ነው። ውጤቱ ግን ቢያንስ አንድ አባወራ የነቀዝ ኪኒኑን ከመኝታው አጠገብ እንዲያነሣ ሊረዳው ይችላል።